የንብረት ግብር ጣሪያ ማንን ይጠቅማል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ንብረት ግብር የሚጠይቁ ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ። ይህን ዓምድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታነቡ፣ እኔ ረጅም ዓመት ቤት ስገምት የኖርኩ፣ ኋላም በግብር ይግባኝ ጉባኤ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። የምናገረው ከሁለቱም ወንበር ባየሁት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋልና ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ «የአንዲት መካከለኛ ከተማ ምክር ቤት አባል ነኝ። የምሠራው በበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነው። ከበላይ መንግሥት አንድ ረቂቅ ተልኮልናል። የማንኛውም ቤት የግብር ግምት በዓመት ከ3 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ጣሪያ ያበጅለታል። ቤቱ በገበያ ዋጋ እንደገና የሚገመተው ሲሸጥ ብቻ ነው። ሕዝቡ ወዶታል። ከንቲባችን ገቢያችን ይጎድላል ብለው ሰግተዋል። እኔን ግን ይበልጥ ያሳሰበኝ ፍትሐዊነቱ ነው። ይህን ሳነሳ ‹ግብር ይጨመር ነው የምትለው?› እባላለሁ። አስተያየት የምንሰጥበት ጊዜ አጭር ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?»

መልስ፦ ስጋትዎ ልክ ነው። ጊዜው ሳያልፍ ይጻፉ። የገቢውን ጉድለት የፋይናንስ ክፍሉ በቁጥር ያሳያል፤ እሱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሕዝብ የወደደውን ነገር «ብዙዎቻችሁን ይጎዳል» ብሎ ማስረዳት ነው። ለዚህ ከንግግር ይልቅ ሂሳብ ይረዳዎታል።

ሁለት ቤቶችን እንውሰድ። ዛሬ የሁለቱም ዋጋ እኩል 1 ሚሊዮን ነው። አንደኛው ተፈላጊ ሰፈር ውስጥ ስለሆነ ዋጋው በዓመት 10 በመቶ ያድጋል። ሌላው ከዳር ነው፤ የሚያድገው በ2 በመቶ ብቻ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ወደ 2.59 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው ወደ 1.22 ሚሊዮን ያወጣሉ። ጣሪያ ከሌለና ተመኑ 1 በመቶ ከሆነ፣ የመጀመሪያው 25,900፣ ሁለተኛው 12,200 ገደማ ይከፍላሉ። ከተማዋ ከሁለቱ የምታገኘው 38,100 ያህል ነው።

አሁን የ3 በመቶውን ጣሪያ ያስገቡ። የተፈላጊው ሰፈር ቤት በመዝገብ 1.34 ሚሊዮን ላይ ይቀራል። ይህ ከእውነተኛ ዋጋው ግማሽ ገደማ ነው። የዳሩ ቤት ግን ጣሪያው ጋ ደርሶ አያውቅም፤ በሙሉ ዋጋው እንደተመዘገበ ነው። ከተማዋ ያንኑ 38,100 ለማግኘት ተመኑን ወደ 1.49 በመቶ ማሳደግ ይኖርባታል። ያኔ የተፈላጊው ሰፈር ባለቤት 20,000 ገደማ፣ የዳሩ ሰው ደግሞ 18,100 ገደማ ይከፍላሉ። የዳሩ ሰው በጣሪያው አንድ ሳንቲም አልተጠቀመም። ግብሩ ግን በግማሽ ያህል አደገበት።

ይህንኑ ስሌት የራስዎን ከተማ ሰፈሮች ስም እየጠሩ ሠርተው ለምክር ቤቱ ያቅርቡ። «ግብር ይጨመር ነው የምትለው?» የሚልዎ ሰው መልሱን እዚያው ወረቀት ላይ ያገኘዋል። እርስዎ የሚጠይቁት ማን የማንን ድርሻ እየከፈለ እንደሆነ ነው።

«ተመኑን አንነካም» ቢባልስ? ጉድለቱ ሌላ ቦታ ይወጣል። ከተማዋ ወይ አገልግሎት ትቀንሳለች፣ ወይ ጉድለቱን በውሃ፣ በቆሻሻ ማንሻና በፈቃድ ክፍያ ትሞላዋለች። እነዚህ ክፍያዎች ደግሞ ባለ ቪላውንም ባለ አንድ ክፍሉንም ብዙም አይለዩም። ረቂቁን ላወጡት ሰዎች ይህንን ደጋግመው ይንገሯቸው።

በዚህ መንገድ ረጅም የሄደችው የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ናት። በ1978 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ባጸደቀው ሕግ ተመኑ በ1 በመቶ ተወሰነ፣ የግምት ጭማሪው በዓመት ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ተደረገ፣ ቤቱ ባለቤት ሲቀይር ወይም አዲስ ግንባታ ሲደረግበት ብቻ እንደገና ይገመት ተባለ። ከእርስዎ ረቂቅ ጋር በጣም ይቀራረባል። ሕዝቡ ያን ያደረገው በክፋት አልነበረም። የቤት ዋጋ ሲተኮስ ብዙ ሰው፣ በተለይም ጡረተኛው፣ ግብሩን መክፈል አቅቶኝ ቤቴን ልሸጥ ነው ብሎ ከልቡ ፈርቶ ነበር። ነገር ግን ጎን ለጎን የቆሙ ተመሳሳይ ቤቶች በግብር እየተራራቁ ሄዱ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቤት የገዛች አንዲት ሴት፣ ተመሳሳይ ቤት ካላቸው ነባር ጎረቤቶቿ 5 እጥፍ ገደማ እየከፈለች መሆኑን አይታ ከሰሰች። ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1992፣ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ፣ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ነባር ነዋሪው ተረጋግቶ እንዲኖር መፈለግ በቂ ምክንያት ነው ብሎ ነው። በሕግ በኩል አልከራከርም። እኔ የማስበው ያን 5 እጥፍ ይዛ የተሸነፈችውን ሴት ነው። በእንዲህ ያለ ሥርዓት የሚጎዳው አዲስ ጎጆ የወጣው፣ ለሥራ ብሎ ከተማ የቀየረው፣ ቤተሰብ በዝቶበት ሰፋ ያለ ቤት የፈለገው ሰው ነው።

ግምትን ጨርሶ ማቆምም መዘዝ አለው። በእንግሊዝ የቤት ግብር የሚሰላው እስከ ዛሬ በ1991 ዋጋ ነው። ዘንድሮ የተሠራ ቤት እንኳ «በ1991 ቢሸጥ ስንት ያወጣ ነበር?» ተብሎ ነው እርከን የሚሰጠው። ጀርመን ደግሞ በምዕራቡ ክፍል በ1964፣ በምሥራቁ ክፍል በ1935 ዋጋ ስትሠራ ኖራ፣ በ2018 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ ይህ የእኩልነትን መርህ ይጥሳል ብሎ ሻረው። አዲሱ ግምት ሥራ ላይ የዋለው በ2025 መጀመሪያ ነው። በዚያው በ2025 በኢንዶኔዥያ፣ ፓቲ በምትባል ወረዳ፣ አስተዳዳሪው የመሬትና የሕንፃ ግብር እስከ 250 በመቶ እንዲጨምር ወሰኑ። ተቃውሞ ሲበረታ ውሳኔው ተሰረዘ። ቢሰረዝም ሕዝቡ አልበረደም፤ አስተዳዳሪው ይውረዱ ብሎ አደባባይ ወጣ። ሰው ቀስ በቀስ የሚመጣ ጭማሪን እያጉረመረመም ቢሆን ይለምደዋል። ድንገት የሚወርድበትን ግን ማንም አይቀበልም።

ታዲያ ምን ይጻፉ? ስለ ጣሪያው ከመወሰኑ በፊት አሁን ያለው የግምት መዝገብ ይፈተሽ ይበሉ። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ይህንን ነው። ሰው ሁሉ የሚከራከረው በመቶኛው ነው። የፍትሕ ጉድለቱ ግን ብዙ ጊዜ መዝገቡ ውስጥ ነው ያለው።

ፍተሻው እንዲህ ይሠራል። አምና የተሸጡትን ቤቶች ዝርዝር ያስወጡ። የእያንዳንዱን የመዝገብ ግምት ለተሸጠበት ዋጋ ያካፍሉ። በ500 ሺህ የተሸጠ ቤት በመዝገብም 500 ሺህ ከሆነ ውጤቱ 1 ነው። በ5 ሚሊዮን የተሸጠ ቪላ በመዝገብ 3.5 ሚሊዮን ከሆነ ውጤቱ 0.7 ነው። የሁለቱ አማካይ 0.85 ይመጣል። ቀጥሎ የሁለቱን ግምት ደምረው ለሁለቱ ሽያጭ ድምር ያካፍሉ፤ 0.727 ያገኛሉ። 0.85ን ለዚህ ሲያካፍሉ 1.17 ይሆናል። የገማቾች ዓለም አቀፍ ማኅበር ይህ ቁጥር ከ0.98 እስከ 1.03 ባለው ውስጥ እንዲሆን ይመክራል። ከዚያ ካለፈ፣ ባለ ውድ ቤቱ ከዋጋው በታች፣ ባለ ርካሹ ደግሞ በሙሉ ዋጋው ወይም ከዚያ በላይ እየተገመተ ነው ማለት ነው። በሁለት ቤት አይፈረድምና በቂ ሽያጭ ይሰብስቡ። በዘመድ መካከል የተደረገ ሽያጭና የባንክ ጨረታ ከዝርዝሩ ይውጣ። ሰዎች በውል ላይ ዋጋ ዝቅ አድርገው የሚጽፉ ከሆነም ባንኮች ለብድር ካወጡት ግምት ጋር ያመሳክሩት።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል ካሉኝ፣ አብዛኛው ከተንኮል አይመጣም። ገማች ሆኜ ያየሁትን ልንገርዎ። ትንሽ ቤት ሁለመናው ከመንገድ ይታያል። ቆርቆሮው አዲስ ከሆነ ይታያል፣ አንዲት ክፍል ከተቀጠለች ትታያለች፤ ወዲያው የቤቱ የመዝገብ ካርድ ላይ ትሰፍራለች። ረጅም አጥርና ዘበኛ ያለው ግቢ ግን በሩ አይከፈትም። ገማቹ ከውጭ አይቶ፣ የድሮውን ካርድ ገልብጦ ይሄዳል። ካርዱ «ባለ አንድ ፎቅ፣ 4 ክፍል» ይላል። ከኋላ የተጨመረው ፎቅ፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ በእምነበረድ የተነጠፈው ወለል አንዱም የለበትም። በዚያ ላይ ትንንሽ ቤቶች ስለሚመሳሰሉና ቶሎ ቶሎ ስለሚሸጡ ዋጋቸውን በትክክል ማግኘት ቀላል ነው። ትልልቆቹ አይመሳሰሉም፣ ብዙም አይሸጡም። ስለዚህ ማንም ሳያስበው መዝገቡ ለባለጸጋው ያጋድላል። እንዲህ ባጋደለ መዝገብ ላይ የ3 በመቶ ጣሪያ ሲጨመርበት ስህተቱ ለብዙ ዓመት ይታሰራል።

ቀጥሎ ጣሪያውን የሚተካ ሐሳብ ያቅርቡ፤ «አንፈልግም» ብቻ ካሉ አይሰሙዎትም። ረቂቁ የሚያዝንለት ሰው ገቢው ትንሽ፣ ቤቱ ግን ውድ የሆነበት ነው አይደል? እሱን ለመርዳት የከተማውን ሰው ሁሉ ግምት ማሰር አያስፈልግም። ግብሩ ከቤተሰቡ ገቢ የተወሰነ ድርሻ ሲያልፍ ትርፉን መመለስ ይቻላል። የአሜሪካዋ ዊስኮንሰን ይህን በ1964 ጀምራው ብዙ ግዛቶች ተከትለዋታል። ድንጋጤውን ለመቀነስ ደግሞ ጭማሪውን ማከፋፈል ይቻላል። በሌላዋ የአሜሪካ ግዛት በሜሪላንድ ቤት በየ3 ዓመቱ ይገመታል፤ ከፍ ያለው ግምት በአንዴ አይጫንም፣ በ3 ዓመት ተከፋፍሎ ይገባል።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም በግልጽ ይጠይቁ። የበላይ መንግሥት «ለእገሌ ቅናሽ ይደረግ» ብሎ ሲያዝ፣ ከኪሱ የሚያወጣው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ምስጋናው ወደ ላይ ይሄዳል፤ የተበላሸውን የመንገድ መብራት ይዞ የሚቀረው ምክር ቤቱ ነው። ረቂቁ ላይ «በዚህ ሕግ የሚጎድለውን ገቢ ሕጉን ያወጣው አካል በየዓመቱ ይተካል» የሚል አንቀጽ ይግባበት ይበሉ። ይህ አንቀጽ ከሌለ ጉዳቱ የሚብሰው ሌላ ገቢ የሌላቸው ትንንሽ ከተሞች ላይ ነው።

«ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው» የሚልዎ ካለ የሴራሊዮንዋን ፍሪታውን ይጥቀሱ። ከንቲባ ኢቮን አኪ ሶየር ባካሄዱት ማሻሻያ ከተማዋ በሳተላይት ምስል ቤቶቿን ቆጠረች። በመዝገብ የነበሩት 57,000 ገደማ ከ120,000 በላይ ሆኑ። የቤቱን ስፋት ብቻ ከመለካት ወጥታም ከውጭ ለሚታዩ ነገሮች ነጥብ መስጠት ጀመረች፤ ለጣሪያው፣ ለግድግዳው፣ ለመንገዱ፣ ለሰፈሩ። ውጤቱ፣ ከታች ያሉት 20 በመቶ ቤቶች ግብር በአማካይ ከግማሽ በላይ ሲቀንስ፣ ከላይ ያሉት 20 በመቶ ከ3 እጥፍ በላይ ሆነባቸው። ከበላይ መንግሥት ጋር መፋጠጥም አልቀረላትም። መዝገብን ማስተካከል ግን በቀጭን በጀትም እንደሚቻል አሳይታለች።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ ጡረተኛ ነኝ። ቤቴ ትንሽና አሮጌ ናት። አዲሱ የግምት ማስታወቂያ ሲመጣ ደነገጥኩ። ከእኔ የሰፋ ቤት ያለው ጎረቤቴ ያነሰ ግምት ነው የደረሰው። ይግባኝ ብል ይሰሙኛል? ወይስ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ሰው ያስፈልጋል?»

መልስ፦ እናቴ፣ ይግባኝ ይበሉ፤ ሰውም አያስፈልግዎትም። ግን መጀመሪያ ማስታወቂያው ላይ የመጨረሻ ቀን ተጽፎ እንደሆነ ይዩ። ይግባኝ ጉባኤ ላይ ስቀመጥ አንጀቴን ይበላኝ የነበረው ይህ ነው። ባለ ሕንፃዎቹ በጠበቃ፣ በገለልተኛ ገማች፣ በፎቶግራፍ ተደራጅተው ቀኑ ሳያልፍ ይመጣሉ። እንደ እርስዎ ያሉ እናቶች ደግሞ ማስታወቂያውን አጣጥፈው በመቀነታቸው ይዘው ቀኑ ካለፈ በኋላ ይደርሳሉ። እውነቱ የእነሱ ሆኖ ሳለ ሕጉ እጃችንን ያስረን ነበር።

ይህ ነገር በትልልቅ ከተሞችም ይታያል። ቺካጎ በምትገኝበት በኩክ ካውንቲ በ2017 የወጣ የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ ምርመራ፣ ርካሽ ቤቶች ከዋጋቸው በላይ፣ ውድ ቤቶች ከዋጋቸው በታች ሲገመቱ እንደቆዩ አጋለጠ። ይግባኙ ልዩነቱን አላጠበበውም፤ ይበልጥ አሰፋው። ይግባኝ የሚለው በብዛት ባለጸጋው ስለነበር ነው። የግምት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በዓመቱ በፓርቲያቸው ምርጫ ተሸነፉ።

እርስዎ እንዲህ ያድርጉ። ወደ ግምት ክፍሉ ይሂዱና የቤትዎን የመዝገብ ካርድ ቅጂ ይጠይቁ። ካርዱ ላይ የቤቱን ስፋት፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የክፍሉን ብዛትና ያለበትን ሁኔታ ይመልከቱ። ከልጅ ልጆችዎ አንዱን በሜትር ያስለኩ። ብዙ ጊዜ ስህተቱ እዚያ ይገኛል፤ የፈረሰ ማድ ቤት እንደቆመ ተጽፎ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ «ጥሩ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ስንጥቁንና የሚያፈሰውን ጣሪያ በስልክ ያስነሱ። ለጉባኤው «ግብሩ በዛብኝ» አይበሉ፤ ጉባኤው ተመኑን መቀነስ አይችልም። «ካርዱ ላይ ያለው ቤት የእኔ ቤት አይደለም፤ ልዩነቱ ይኸው» ይበሉ። ስለ ጎረቤትዎ ሲያነሱም ስሙን ትተው፣ ተመሳሳይ ናቸው የሚሏቸውን የሦስት አራት ቤቶች ግምት ያቅርቡ። ጎረቤትን ማሳጣት አይሆንም፤ እኩል መታየትን መጠየቅ ነው። ሌላም ነገር ልብ ይበሉ። ይግባኝ ስላሉ ክፍያው ይቆማል ብለው እንዳይዘናጉ። በብዙ ቦታ ይቀጥላል፤ ካልተከፈለ ቅጣት ይወልዳል።

ግምቱ ትክክል ሆኖ መክፈሉ ብቻ የሚከብድዎ ከሆነ ግብሩን ለኋላ ስለ ማቆየት ይጠይቁ። ለምሳሌ በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ 55 ዓመት የሞላው ሰው ግብሩን ማቆየት ይችላል። ቤቱ ሲሸጥ ወይም ለወራሽ ሲተላለፍ ከነወለዱ ይከፈላል። ልጆችዎን ሳያማክሩ ግን አይፈርሙ፤ ዕዳው ቤቱ ላይ ይያዛል።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እኔ ተከራይ ነኝ። ቤት የለኝም፣ በቅርቡም የሚኖረኝ አይመስለኝም። ይህ ሁሉ የንብረት ግብር ክርክር እኔን ምን አገባኝ?»

መልስ፦ ያገባሃል፣ ልጄ። አከራይህ በሕንፃው ላይ የሚከፍለውን ግብር ጊዜ ወስዶም ቢሆን ከፊሉን ኪራይህ ላይ ያወርደዋል። ግብር ሲከብድ የሚሠራ ቤት ይቀንሳልና ኪራይ ይወደዳል። በመሬቱ ላይ ያለው ግን ይለያል። መሬት በግብር ምክንያት አይበዛም አያንስም፤ አከራዩም ቀድሞውኑ ገበያው የሚችለውን ያህል ነው የሚያስከፍልህ። ስለዚህ ያኛው በአብዛኛው በባለቤቱ ላይ ይቀራል። ረቂቅ ሲመጣ መሬቱና ሕንፃው ተለይተው ይገመቱ እንደሆነ ጠይቅ።

ቅናሾቹንም በደንብ አንብብ። አብዛኞቹ «ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት» ብለው ነው የሚጻፉት። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን የተከራየ ቤት በሙሉ ተመን ይቀራል፣ ሸክሙም ወዳንተ ይዞራል። በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ገቢው ዝቅ ያለ ተከራይም በከፈለው ኪራይ ልክ የተወሰነ ገንዘብ ይመለስለታል። ለምክር ቤቱ የሚሰጥ አስተያየት ካለህ ይህንን አንሳ። የሕዝብ ውይይቱ ለባለ ቤቶች ብቻ የተጠራ ቢመስልም ገብተህ ተናገር። ኪራይ ስትከፍል ደግሞ ደረሰኝ ተቀበልና አስቀምጥ። እንዲህ ዓይነት ተመላሽ ቢፈቀድ መጀመሪያ የምትጠየቀው እሱን ነው።